ለሞተ ባትሪ የተሰበሰበ ኮሚቴ

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የሌለው ሰው ሞልቷል፤ ስለ መኪና የማያውቅ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ካላመናችሁኝ ካዛንቺስ ላይ ዳር ይዛችሁ ቁሙና ኮፈን ክፈቱ። ሌላ ምንም አታድርጉ። ክፈቱና ወገባችሁን ይዛችሁ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ ይመጣል። ሰላም አይላችሁም። እሱም ወገቡን ይዞ ወደ ውስጥ ካየ በኋላ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ «ካርቡራቶር ነው» ይላችኋል። ሁለተኛው ይመጣና በመጀመሪያው ይስቃል። ሦስተኛው ሁለቱንም ይንቃል። አምስተኛው ሲደርስ እናንተ፣ ባለመኪናው፣ ከኋላ ሆናችሁ የራሳችሁን ሞተር ለማየት በሰው ትከሻ ላይ ትንጠራራላችሁ። ልብ በሉ፤ ከአምስቱ አንዱም «ምን ሆነብህ?» ብሎ አልጠየቃችሁም። አዋቂ ይጠይቃል እንዴ? የሚጠይቅ እኮ የማያውቅ ነው።

እኔ እነዚህን ሰዎች አጥብቄ እንቅ ነበር። አሁንም እንቃቸዋለሁ፤ ልዩነቱ ስቆጥራቸው ራሴንም መጨመሬ ነው።

ነገሩ የሆነው ሞባይል ስልክ በቆዳ ማኅደር ወገብ ላይ እንደ ሽጉጥ በሚታጠቅበት በዚህ ዘመን ነው። ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የቡድን መሪ ነኝ። ቡድኑ እኔንና አንዲት ጸሐፊን ያቀፈ ቢሆንም መሪነት መሪነት ነው። ቤቴ ቂርቆስ ነው። ያለችኝ መኪና ነጭ፣ አሮጌ፣ ከእኔ በፊት ስንት ጌታ እንዳየች ራሷም የማታስታውስ ናት። ሰፈራችን ደግሞ እንኳን መኪና፣ ሁለት ወፈር ያሉ ጎረቤታሞች መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያሳልፍበት ሰፈር ነው። ስለዚህ ስምንት ባለመኪኖች ተስማምተን ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጥር ማዶ ካለች አንዲት ባልቴት ሰፋ ያለ ግቢ ተከራየን። ስምንት ኢትዮጵያውያን አንድ ግቢ ከተከራዩ ምን ይከተላል? ኮሚቴ። ሰብሳቢው እኔ ነበርኩ።

ለግቢው ዘበኛ ቀጠርን፤ ጋሽ ታረቀኝ ይባላል። ስልሳን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ማተሚያ ቤት ለኅትመት የሚደረደር የእርሳስ ፊደል ሲለቅም ኖሮ በጡረታ የወጣ ሰው ነው። መኪኖቹ እርስ በርስ ተጠጋግተው ስለሚቆሙ፣ ጠዋት ቀድሞ የሚወጣው እንዲወጣ የሌላውን ፈቀቅ ማድረግ ግድ ነበር። ስለዚህ ሁላችንም ቁልፋችንን እሱ ዘንድ እናሳድራለን። ጋሽ ታረቀኝም ለእያንዳንዱ ቁልፍ የባለቤቱን ስም በወረቀት ጽፎ አንጠልጥሎለት ነበር፤ ጽሕፈቱ የታተመ እንጂ የተጻፈ አይመስልም።

እንግዲህ አንድ ሰኞ ጠዋት ቁልፍ ሳዞር መኪናዬ «ጠቅ» አለች። በቃ፤ ጠቅ። ደግሜ አዞርኩ፤ ጠቅ። ጋሽ ታረቀኝ ፎጣውን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣና ከኋላ ገፋ። ሁለት አላፊ አግዳሚም አገዙት። በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮን ስለቅ ተንገራግጫ ተነሣች። እኔም እጄን በመስኮት አውጥቼ አውለብልቤ ሄድኩ። ዘወር ብዬ እንኳ አላየሁም። የሚገፋውን ሰው ማን ያያል?

ማታ ስመለስ ጎረቤቴና የኮሚቴያችን ጸሐፊ አቶ ጌታሁን ጠበቀኝ። አቶ ጌታሁን የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ነገር ግን ስለ ጂኦግራፊ አንድም ቀን ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ስለ ሕግ፣ ስለ ጨጓራ፣ ስለ ብሎኬት ቤት፣ ስለ መኪና ግን ይናገራል። ኮፈኑን አስከፈተኝ፤ ባትሪውን በአንድ ጣቱ ሁለቴ መታ መታ አደረገና «አልቋል» አለ። ሐኪም እንኳ ሞት ሲያረዳ እንዲህ አይቸኩልም። አዲስ ባትሪ ገዛሁ። አዲሱ ባትሪ ሦስት ቀን በታማኝነት አገለገለ። በአራተኛው ቀን፤ ጠቅ።

ተገፍታ ተነሣችና ላንቻ አካባቢ ወዳለ አንድ መካኒክ ወሰድኳት። ሰውየው ኮፈኑ ላይ ተደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ንስሐ አባት ሞተሩን ለረዥም ጊዜ አዳመጠ። በመጨረሻ «ዲናሞ ነው፤ ባትሪውን አይሞላልህም» ብሎ ፈረደ። በምን አወቅህ፣ የምትለካበት ነገር የለህም ወይ ብዬ ብጠይቀው ተቆጣ። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ይለካል ወይ አለኝ። እውነት ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሳይለካ የኖረን ሰው ዛሬ ለካ ማለት ነውር ነው። ዲናሞ ተቀየረ። አራት ቀን ቆይቶ ጠቅ። ተመልሼ ሄድኩ። አሁን ደግሞ ባትሪው ይሆናል አለኝ። አዲስ እኮ ነው አልኩት። «የዛሬ አዲስ፣ አዲስ ነው እንዴ?» አለና ወደ ሌላ ኮፈን ዞረ።

መሥሪያ ቤት ሄጄ ለጸሐፊዬ ብነግራት ብርድ ነው አለች። የአጎቷ መኪና እንዲሁ ሆና ነበር፤ ባትሪው ሌሊት ሲበርደው ነው። እኔ፣ የተማርኩ ሰው፣ የቡድን መሪ፣ ምን አደረግሁ ትላላችሁ? ከቤት ብርድ ልብስ ወስጄ ባትሪዬን አለበስኩት። ባለቤቴ ብርድ ልብሱ ዘይት ጠጥቶ ሲመለስ ስታይ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ባትሪው ግን ሞቆት ተኝቶ፣ ሞቆት ሞተ።

በዚህ መሃል ነው ማስረጃ የተገኘው። አንድ ጠዋት፣ እንደ ልማዴ ተገፍቼ ከተነሣሁ በኋላ፣ ሬዲዮ ስከፍት ዜና የምሰማበት ጣቢያ ጠፍቷል፤ የሚሰማው ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ያንን ጣቢያ ከያዝኩት ጀምሮ ነክቼው አላውቅም። ለአቶ ጌታሁን ነገርኩት። ዓይኑን አጥብቦ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰው አለበት» አለኝ።

«የምን ሰው?»

«ሬዲዮህን ሲያዳምጥ የሚያድር ሰው ነዋ! ጣቢያውን የቀየረው፣ ባትሪህን የሚጨርሰው እሱ ነው። ቁልፉ የት ነው የሚያድረው?»

አያችሁ፣ ስለ ባትሪ፣ ስለ ዲናሞ፣ ስለ ብርድ ሲነገረኝ ቢያንስ ትንሽ ተጠራጥሬ ነበር። ይህን ስሰማ ግን አንድም ጥርጣሬ አልገባኝም። ለምን ይሆን? ዲናሞ ስንወነጅል የዲናሞ ዋጋ የምንከፍለው እኛ ነን። ዘበኛ መወንጀል በነፃ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኮሚቴው በግቢው ውስጥ ተሰየመ። አጀንዳ፦ የኤሌክትሪክ ብክነት። ሰብሳቢ እኔ፣ ከሳሽ እኔ፣ ምስክር እኔ። ጋሽ ታረቀኝ ከቤተ ክርስቲያን ነጠላውን እንዳጣፋ መጥቶ ፊታችን ቆመ። ተቀመጥ ያለው የለም። እኔም ጨዋ ሰው ስለሆንኩ በአንቱታ ጀመርኩ።

«ጋሽ ታረቀኝ፣ ሬዲዮ ይወዳሉ?»

«እወዳለሁ ጌታዬ» አለ።

ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ። አመነ እኮ! አቶ ጌታሁን ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈው። የት እንደሚሰማ ጠየቅሁት፤ ቤቱ፣ የራሱ ሬዲዮ እንዳለው ነገረኝ። የመኪናዬን ሬዲዮ ማን እንደነካው ጠየቅሁት። እንደማያውቅ፣ መኪናዋን ፈቀቅ ለማድረግ ካልሆነ በቀር ገብቶባት እንደማያውቅ ተናገረ። ከዚያ ትንሽ አሰበና ጠየቀን።

«ለመሆኑ ለሚያውቅ ሰው አሳይታችኋታል? መብራቱን ምን እንደሚበላው የለካላችሁ አለ?»

«እዚህ ጠያቂዎቹ እኛ ነን» አለ አቶ ጌታሁን።

ከውይይት በኋላ ጉዳዩን በምሕረት ዓይን አይተን «የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ» እንዲሰጠው ወሰንን። ከሥራ አላባረርነውም፤ ደግ ነና! ደብዳቤው እየዞረ ተፈረመበት። ስምንተኛዋ አባላችን ሲስተር አልማዝ የምትባል ነርስ ናት፤ እስክርቢቶውን ለአቶ ጌታሁን መለሰችለት። «እኔ ያላየሁትን አልፈርምም» አለች። የኮሚቴን መንፈስ የማያውቅ ሰው ብለን በልባችን ታዘብናት።

ጋሽ ታረቀኝ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ፊደል ለቅሞ የኖረ ሰው ስለሆነ ቶሎ አይጨርስም፤ እያንዳንዷን ቃል ያያል። አጥፎ መለሰልኝ። ከዚያ ወደ ዘበኛ ቤቷ ገባና ስምንቱንም ቁልፍ ይዞ ወጣ። አግዳሚው ወንበር ላይ አንድ በአንድ ደረደራቸው።

«ይቺ የሲስተር ናት፤ ሁለተኛ ማርሽ እንቢ ትላለች፣ ቀስ ተብላ ነው። ይቺ የመምህር ናት፤ የኋላ በሯ ከውጭ አይቆለፍም፣ በውስጥ በኩል ነው የምቆልፍላቸው። ይቺ ውኃ ትጠጣለች፤ በየሦስት ቀኑ እጨምርባታለሁ።»

እንዲህ እያለ ሰባቱን አስረከበ። ውኃ መጨመሩን የመኪናዋ ባለቤት የሰማው ያን ዕለት ነው። የእኔ ላይ ሲደርስ ወረቀቷን አቃንቶ አስቀመጣትና «ይቺ ደግሞ የእርስዎ ናት» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ነጠላውን አስተካክሎ፣ «በዚህ ዕድሜዬ ሌባ አልባልም» ብሎ ወጣ። በሩን እንኳ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው።

ማክሰኞ ጠዋት ቁልፌን ከትራሴ ሥር አውጥቼ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲያ ለማንም አላምንም ብዬ ራሴ ዘንድ ነበር ያሳደርኩት። አዞርኩ። ጠቅ።

እዚህ ላይ ማንኛውም አእምሮ ያለው ፍጡር ይነቃል። እኔ ግን ወደ አቶ ጌታሁን ሮጥኩ። እሱም ሳይደነግጥ፣ ጋሽ ታረቀኝ ትርፍ ቁልፍ አስቀርጾ ሊሆን እንደሚችል አስረዳኝ። የስልሳ ምናምን ዓመት ሰው፣ ከሥራ ከወጣ በኋላ፣ በጨለማ አጥር ዘሎ ሬዲዮ ሊሰማ ይመጣል ማለት ነው። አምኜው ግማሽ ቀን ዋልኩ። ይህን ማንም አስገድዶኝ ሳይሆን በገዛ ፈቃዴ እናዘዛለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሲስተር አልማዝን መንገድ ላይ አገኘኋት። ስቃ ወይም ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን በሽተኛ እንደምትልክ ሁሉ አድራሻ ጻፈችልኝ። ከስታዲየም ጀርባ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራበት አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበር። መኪናዋን በሰው አስገፍቼ፣ አስነሥቼ ደረስኩ። ቱታ የለበሰች፣ ፀጉሯ ውስጥ እርሳስ የሰካች ወጣት ሴት ወጣች።

«ባለቤቱ የለም?» አልኳት።

«አለች፤ እኔ ነኝ ጋሼ» አለችኝ።

ሠናይት ትባላለች። እኔ በልቤ፣ የላንቻው ሰው ሠላሳ ዓመት ሠርቶ ያቃተውን ይቺ ልትችለው ነው ብዬ ናቅኋት። እሷ ግን ኮፈኑን ከመክፈቷ በፊት አንድ እንግዳ ነገር አደረገች፤ ጠየቀችኝ። መቼ ጀመረ? ስንት ቀን ስትቆም ነው እንዲህ የምትሆነው? ከመጀመሩ በፊት መኪናዋ ላይ አዲስ ያስገጠሙት ነገር አለ? እኔም ስለ ባትሪው፣ ስለ ዲናሞው፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ዘበኛው ረዥም ገለጻ አደረግሁላት። አዲስ ነገር ግን የለም አልኩ። እህ፤ አንድ ነገር ብቻ። ካዛንቺስ ላይ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ስፖኪዮ ስለተነቀለብኝ አላርም አስገጥሜያለሁ። ድመት በአጠገቧ ስታልፍ ስድስት ዓይነት ጩኸት የሚጮህ፣ መንገድ ዳር አንዱ በሃያ ደቂቃ የገጠመልኝ። እሱ ግን ሌባ መከላከያ ነው እንጂ ከባትሪ ጋር ምን አገናኘው?

ሠናይት ኮፈኑን ከፈተች። ሁሉንም ነገር አጥፍታ፣ የባትሪውን አንዱን ሽቦ ነቅላ፣ በሽቦውና በባትሪው መሃል አንዲት ትንሽ አምፖል አገናኘች። አምፖሏ በራች።

«አዩ ጋሼ? ማለቴ፣ ሁሉ ነገር ጠፍቶ ይቺ አምፖል መብራት አልነበረባትም። የሆነ ነገር እየበላ ነው።»

ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀለች አምፖሏን ታይ ጀመር። አንዱን ነቀለች፤ አምፖሏ እንደበራች ነው። መለሰችው። ሌላውን ነቀለች፤ እንደበራች ነው። የሬዲዮውን ስትነቅል ቀረብ ብዬ አየሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንድትጠፋ ጸልያለሁ። አልጠፋችም። ፊውዞቹ አለቁ። ሠናይት በጀርባዋ ተኝታ ከመሪው ፊት ባለው ክሩስኮት ሥር ገባችና፣ በፕላስተር የተጠቀለለ የሽቦ ጥቅልል ጎትታ አወጣች። አንዷን ሽቦ ከመሃሉ ለየቻትና ነቀለቻት። አምፖሏ ጠፋች።

«በቃ፤ ይሄው። አላርሙ ነው። ሲገጥመው አበላሽቶታል፤ ቀን ከሌት ሲበላ ነው የሚውለው።»

ኮሚቴያችን አጀንዳ ለማጽደቅ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ፈጅቶበታል። እኔ ግን አንድ የቀረችኝን ተስፋ ይዤ ስለ ሬዲዮው ጠየቅኋት፤ ጣቢያውን ማን ቀየረው? ማንም አለችኝ። ባትሪው ጨርሶ ሲሞት ሬዲዮው የያዘውን ጣቢያ ይረሳል፤ ሁሉም እንደዚያ ነው።

«ሰው አልነካውም ማለት ነው?»

«ማን ይነካዋል ጋሼ?» አለችና እጇን ጠረገች።

ሌባ እንዳይሰርቀኝ ብዬ ገንዘብ ከፍዬ ያስገባሁት ራሱ ሌባው ነበር፤ እኔ ደግሞ በእሱ ፈንታ ውኃ የሚጨምር፣ በር የሚቆልፍ፣ ጠዋት ጠዋት የሚገፋኝን ሰው ከሰስኩ። የተከሰሰው ደግሞ «ለሚያውቅ ሰው አሳይታችኋታል?» ብሎ ጠይቆን ነበር። ከኮሚቴው ስምንት አባላት ይልቅ ስለ ባትሪዬ የሚያውቀው ተከሳሹ ነበር።

ወዲያው አስቸኳይ ስብሰባ ጠራሁ፤ ሁላችንም ሄደን ይቅርታ እንጠይቅ ብዬ። አንዱ ሰርግ አለበት። አንዱ ወገቡን ያመዋል። አቶ ጌታሁን ደግሞ እሱ ያኔ ያቀረበው መላምት እንጂ ውሳኔ እንዳልነበረ፣ ቃለ ጉባኤውም ቢታይ ይህንኑ እንደሚያሳይ አስታወሰኝ። ሲስተር አልማዝን ለመንኳት። «እኔ አልፈረምኩ፤ ምን ብዬ ነው ይቅርታ የምጠይቀው? አንተ ሂድ» አለችኝ። ልክ ናት፤ ልክ የሆነ ሰው ደግሞ እንዴት ያናድዳል!

ብቻዬን ላንቻ፣ ጋሽ ታረቀኝ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ በር ላይ ቆመው ተቀበሉኝ። ማን መሆኔን ስናገር ፊታቸው አልተለወጠም፤ ግቡም አላሉኝም። ሥራ አግኝቶ ወጥቷል አሉኝ። የነገሩ ሁሉ ስህተት የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው።

«ቂርቆስን መሳለም ትቷል» አሉኝ በመጨረሻ። «የሚያውቀኝ ሰው ሌባው መጣ ይለኛል ብሎ፣ በዚያ ጉልበቱ ሌላ ደብር ድረስ በእግሩ ነው የሚሄደው።»

ይቅርታ መጠየቄን እንዲነግሩልኝ ለመንኳቸው።

«መምጣትህን እነግረዋለሁ። ይቅርታህን ግን አንተው ንገረው ልጄ። ክሱን በሰው አልላክኸውም እኮ።»

መመለሻ መንገዱ ረዘመብኝ። ይኸውላችሁ፣ መኪናዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ቀን ጠቅ ብላ አታውቅም። ጠዋት ጠዋት በአንድ ጊዜ ትነሣለች፤ እኔ ግን በተነሣች ቁጥር ደስ አይለኝም።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ካዛንቺስ ያለው መሥሪያ ቤታችን አዲስ መመሪያ አወጣ፤ ሠራተኛም ሆነ ባለጉዳይ ሳይፈተሽ አይገባም። የጥበቃ ሠራተኞችም ከኤጀንሲ መጡ። ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ረዥም ሰልፍ ነበር። ተሰልፌ፣ ይህን መመሪያ ያወጣውን ኃላፊ በልቤ እየተሳደብኩ ቀና ስል፣ ከፊቴ ሰማያዊ የደንብ ልብሱን ተኩሶ፣ ኮፍያውን አቃንቶ የቆመው ጋሽ ታረቀኝ ነው።

ላንቻ ስሄድ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ያማረ መግቢያ ነበረው።

«ጋሽ ታረቀኝ፣ እኔ ቤትዎ ድረስ መጥቼ...»

«ነግራኛለች ጌታዬ። እጅዎን ከፍ ያድርጉ።»

እጄን ከፍ አደረግሁ። ከኋላዬ ጸሐፊዬን ጨምሮ የመሥሪያ ቤቱ ግማሽ ያያል። «በድዬዎታለሁ» አልኩት፤ ለራሴ እንኳ እስኪገርመኝ ጮክ ብዬ።

«አውቃለሁ ጌታዬ። ክንድዎን ትንሽ ዘርጋ ያድርጉት፤ ሰው ተሰልፏል።»

ቂም ያለበት ሰው ያመናጭቃል። እሱ አላመናጨቀኝም፤ አላቻኮለኝምም። ፊደል እንደሚለቅም ሰው በእርጋታ ኪሴን፣ ወገቤን፣ ቦርሳዬን አየ። ወረቀቶቼን እንደነበሩ መልሶ ዘጋው። ዛሬም ድረስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እንደገና ከምሳ መልስ፣ እጄን ዘርግቼ ፊቱ እቆማለሁ። ይቅር ይበሉኝ ካልኩት ስንት ጊዜ ሆነ፤ ይቅር ብዬዎታለሁም አላለኝ፣ አልልዎትምም አላለኝ። የሚለኝ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ምንም የለብዎትም፤ ይለፉ።»

ይህንንም የሚለኝ ፈትሾ ነው።